ደረሰኙና ወንበሩ



ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው። የመንግሥት ሥልጣን የያዘ ሰው የግል ወጪውን በሕዝብ ገንዘብ ሲያወራርድ ቢገኝ፣ ገንዘቡን መልሶ፣ ይቅርታ ጠይቆ ሥራውን ይቀጥል ወይስ ወንበሩን ይልቀቅ? እኔ ይልቀቅ ባይ ነኝ። ለምን እንዲህ እንደምል፣ የቱ ላይ ደግሞ እንደማመነታ ላስረዳችሁ። አብዛኛውን ምሳሌ የማመጣው ከእንግሊዝ ነው፤ እዚያ ነገሩ ደረሰኝ በደረሰኝ አደባባይ ወጥቷልና። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እጠራለሁ።

ቀኑ ሜይ 8 ቀን 2009 ነው፤ በእኛ ሚያዝያ 30 ቀን 2001 ዓ.ም.። ዴይሊ ቴሌግራፍ የተባለው ጋዜጣ የእንግሊዝ ምክር ቤት አባላት ለዓመታት ያቀረቡትን የወጪ ሒሳብ በእጁ አስገብቶ ማተም ጀመረ። በየማለዳው አዲስ ስም፣ አዲስ ሒሳብ ይወጣ ጀመር፤ ለሳምንታትም አላባራም። አንድ የቀድሞ ሚኒስትር ባቀረቡት የቤት ወጪ ዝርዝር ውስጥ በርስታቸው ዙሪያ የተቆፈረውን የውሃ ቦይ ማስጠረጊያ 2,115 ፓውንድ ተጽፎ ተገኘ። ሌላው አባል በኩሬ ላይ ለምትንሳፈፍ የዳክዬ መጠለያ 1,645 ፓውንድ ጠይቀው ነበር። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯ የጃኪ ስሚዝ ሒሳብ ውስጥ ደግሞ የ88 ፔንስ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ውታፍ ነበረበት።

ስለዚህች ውታፍ ትንሽ ላውራ። 88 ፔንስ የእንግሊዝን ካዝና አያጎድልም። አንድ ሰው ሱቅ ሄዶ ውታፍ ገዛ፤ ደረሰኙን አልጣለም፤ ከሌሎቹ ደረሰኞች ጋር አያይዞ አስገባ፤ የምክር ቤቱ ሒሳብ ክፍል ተቀብሎ መዘገበ። በዚህ መንገድ ላይ ካለፉት ሰዎች አንዱም «ይህንን እንኳ ከኪሳችን እንክፈል» አላለም። ኪስና ካዝና ድንበራቸው እንዲህ የሚጠፋው በአንድ ቀን አይደለም፤ በትንሽ በትንሹ፣ በየወሩ፣ ማንም ሳይከለክል ነው። የአገሩ ሰው ያችን ውታፍ ከትልልቆቹ ሒሳቦች አስበልጦ ያስታወሳትም ለዚህ ይመስለኛል። የሁለት መቶ ሺህ ፓውንድ የቤት ዕዳን ሁሉም ሰው አያውቀውም፤ ውታፍ ግን በየቤቱ አለ።

ደንቡ እንዴት ይሠራ ነበር? ከለንደን ውጭ የተመረጠ አባል ሁለት ቦታ መኖር አለበት፤ አንድ ቤት መራጮቹ ዘንድ፣ አንድ ደግሞ ምክር ቤቱ አጠገብ። ስለዚህ ለሁለተኛው ቤት በዓመት እስከ 24,000 ፓውንድ ገደማ የሚደርስ አበል ይሰጠው ነበር። ሐሳቡ ነውር የለበትም። ደንቡም ወጪው ሙሉ በሙሉ ለምክር ቤት ሥራ ብቻ የዋለና የግድ አስፈላጊ የሆነ መሆን አለበት ይል ነበር። ግን እስከ 2008 ድረስ ከ250 ፓውንድ በታች ለሆነ ወጪ ደረሰኝ አያስፈልግም፤ ለምግብም በወር እስከ 400 ፓውንድ ያለ ደረሰኝ መጠየቅ ይቻል ነበር። የትኛው ቤት «ሁለተኛ» እንደሆነ የሚናገረውም አባሉ ራሱ ነው። ዘንድሮ ይህን ቤት ሁለተኛ ብሎ በአበሉ ያሳድሰዋል፤ ከርሞ ያንን ሁለተኛ ይለዋል። ጃኪ ስሚዝ ለንደን ያለውን የእህታቸውን ቤት ዋና መኖሪያ ብለው አስመዝግበው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው የሚኖሩበት ቤት «ሁለተኛ» ተብሎ አበል ይወስድ ነበር።

ነገሩ እዚህ የደረሰበት ምክንያት ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለም። የየጊዜው መንግሥታት የምክር ቤት አባላትን ደመወዝ መጨመር ይፈሩ ነበር፤ ሕዝቡ ይቆጣል ብለው። ደመወዙ በ2009 በዓመት 64,766 ፓውንድ ነበር። ደመወዙን በግልጽ ከመጨመር ይልቅ አበሉ ሲሰፋ ዝም ተባለ፤ አበል የደመወዝ ማሟያ ሆነ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራችሁ ሁሉ «በአበል ነው የምንኖረው» የሚለውን አነጋገር ታውቁታላችሁ። አበል የሥራን ወጪ መሸፈኛ መሆኑ ቀርቶ መኖሪያ ሲሆን፣ ያልተኬደበት መስክና ያልታደረበት ሌሊት መፈጠሩ አይቀርም። ጥፋቱ የሥርዓቱም ነው። ይህን ሳልናገር ሰዎቹን ብቻ ብከስ ፍርዴ ጎደሎ ይሆናል።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረታችንን ስንጠቅስ ብዙ ጊዜ ሌላውን ለመውቀስ ነው። ልብ ብላችሁ ካያችሁት ግን ተረቱ ውስጥ አንድ የተቀበልነው ነገር አለ፤ መብላት የሹመት ወግ ነው፣ ጸጸቱም የሚመጣው ላልበላ ነው የሚል። በእንግሊዝም የሆነው ይኸው ነው። አባላቱ አብዛኞቹ ሌቦች አልነበሩም። «ይገባኛል» ባዮች ነበሩ።

ይህ ሁሉ ተደብቆ የኖረውም ያለ ምክንያት አይደለም። ሄዘር ብሩክ የምትባል ጋዜጠኛ የመረጃ ነጻነት ሕጉ በ2005 ሥራ ላይ ሲውል የአባላቱን ወጪ ዝርዝር ጠየቀች። ምክር ቤቱ እምቢ አለ። ጉዳዩ እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሄደና በሜይ 2008 ለእሷ ተፈረደ። ምክር ቤቱ ከዚያም በኋላ አድራሻዎቹን በጥቁር አጥፍቶ ሊያወጣው ተዘጋጅቶ ነበር። አድራሻው ከጠፋ ደግሞ የቤት ማፈራረቁን ጨዋታ ማንም ሊያይ አይችልም። ጋዜጣው የቀደማቸው ያልተደለዘውን ቅጂ አግኝቶ ነው።

ታዲያ ከትልልቆቹ ሹማምንት መጀመሪያ ወንበሩን ያጣው ማን ይመስላችኋል? አፈ ጉባኤው ማይክል ማርቲን ናቸው። የወደቁት በዋናነት በገዛ ሒሳባቸው አልነበረም። ሰነዱ እንዳይወጣ ምክር ቤቱ ሲከራከር የቤቱ አለቃ እሳቸው ነበሩ። ሰነዱ ሲወጣም ቁጣቸው ያረፈው ባወጡት ላይ ነበር፤ በጉባኤው መካከል የተቃወሟቸውን አባላት ገሠጹ። ሜይ 19 ቀን ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ንግግር እንደሚለቁ አስታወቁ። በእንግሊዝ አፈ ጉባኤ ተገዶ ከወንበሩ ሲነሳ ከ1695 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። እኔ ይህን መልቀቅ ከሁሉ የበለጠ ተገቢ አድርጌ ነው የማየው። ውታፍ ያስገባ ሰው 88 ፔንስ ወሰደ። በሩን የዘጋው ሰው ግን የሕዝቡን የማወቅ መብት ነው የያዘው።

ያኔ ከሁሉም አፍ ይሰማ የነበረው መከላከያ «በደንቡ መሠረት ነው የጠየቅሁት» የሚል ነበር። እውነትም አብዛኛው በደንቡ መሠረት ነበር፤ የምክር ቤቱ ሒሳብ ክፍል ተቀብሎ ከፍሎታል። ነገር ግን ደንቡን ያወጣው ማን ነው? ራሳቸው ናቸው። ዳኛውም፣ ተከራካሪውም፣ ሕግ አውጪውም አንድ ሰው ሲሆን «በሕግ ነው የሠራሁት» ማለት ለሌላው ሰው የሚሰጠውን ከለላ ሊሰጠው አይገባም።

አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። ወጣት ሳለሁ በአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል እሠራ ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ የሚመጣው የማወራረጃ ሰነድ ነው፤ የመስክ አበል፣ ነዳጅ፣ ጎማ ማስጠገኛ። አንድ ቀን ከመስክ የተመለሰ ሾፌር የጎማ ጥገና ደረሰኝ አስገባ። 180 ብር ይላል። ወደ መስኮቱ ወስጄ ሳየው «80» የተጻፈበት ቀለም ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ ነው፤ ከፊቱ ያለችው «1» ግን ደመቅ ብላ፣ ከሳጥኑ ጠርዝ ተጣብቃ ቆማለች። በፊደል የሚጻፍበት መስመር ባዶ ነበር። ለአለቃዬ አሳየሁ። የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተሰየመ፤ ሰውየው አልካደም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ተሰናበተ። ለ100 ብር። በዚያው ወር የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ለሁለት ቀን ስብሰባ ሄደው የአምስት ቀን አበል አወራረዱ። የጥሪው ደብዳቤ ከሰነዱ ጋር ተያይዟል፤ ስብሰባው ሁለት ቀን መሆኑ በጉልህ ይነበባል። ፊርማ ነበረበትና ከፈልኩ። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። የሾፌሩን የስንብት ደብዳቤ የፈረሙትም እኚሁ ኃላፊ ነበሩ።

ያ ነገር እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ሾፌሩ አልበደለም አልልም፤ ደረሰኝ ላይ ቁጥር ጨምሯል። የሚከነክነኝ ሁለቱ ወረቀቶች በአንድ ፊርማ ማለፋቸው ነው። ባለሥልጣን ይልቀቅ የምለውም ከዚህ ተነሥቼ ነው። ሚኒስትር የሌላውን ሰው ደረሰኝ የሚያስመረምር፣ ግብር የሚጥል፣ ድጎማ የሚቆርጥ፣ የበታቹን የሚያሰናብት ሰው ነው። 2009 በእንግሊዝ ባንኮች ተናግተው ብዙ ሰው ከሥራ የወጣበት ጊዜ ነበር። ያኔ አንድ ሥራ አጥ የኑሮ ድጎማ ማመልከቻው ላይ አድራሻውን አውቆ አሳስቶ ቢጽፍ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችል ነበር። አድራሻውን በየዓመቱ የሚለዋውጥ እንደራሴ ያንን ሕግ በምን አፉ ያወጣል? ገንዘቡን ሲመልስ የተመለሰው ገንዘቡ ነው። ያ አፍ አይመለስም።

ሃዜል ብሌርስ የሚባሉትን ሚኒስትር ሁኔታ ተመልከቱ። ለንደን ያላቸውን መኖሪያ ለምክር ቤቱ «ሁለተኛ ቤቴ» ብለው አበል ወሰዱበት፤ ሲሸጡት ግን የሁለተኛ ቤት ሽያጭ የሚከፈልበትን ግብር አልከፈሉም። ነገሩ ሲወጣ የ13,332 ፓውንድ ቼክ ጽፈው በቴሌቪዥን ካሜራ ፊት ከፍ አድርገው አሳዩ። ሕዝቡ በዚያ ቼክ የበረደ መስሏችኋል? የበለጠ ተቆጣ። ያን ያህል ገንዘብ በአንድ ጀምበር ቼክ ጽፎ መክፈል የሚችል ሰው መጀመሪያውኑ ለምን አልከፈለም ነው ያለው።

እዚህ ላይ ግን ሦስት ዓይነት ጥፋት እንዳይደባለቅብን። ሐሰተኛ ሰነድ የሠራ ሰው ጉዳዩ የፍርድ ቤት ነው። ዴቪድ ቼይተር የተባሉት አባል በሐሰተኛ ደረሰኝና የኪራይ ሰነድ ገንዘብ በመጠየቅ በ2011 የ18 ወር እስራት ተፈረደባቸው፤ ኤሊየት ሞርሊ ተከፍሎ ላለቀ የቤት ዕዳ ወለድ ሲጠይቁ ኖረው 16 ወር። እነዚህ ሰዎች ክሱ ሲመጣባቸው የ1689ኙን የመብት ድንጋጌ ጠቅሰው «የምክር ቤት ነገር በፍርድ ቤት አይታይም» ብለው ነበር፤ የበላዩ ፍርድ ቤት አልተቀበላቸውም። ደረሰኝ ያሳሳተ፣ ሁለት ጊዜ የጠየቀ፣ የሒሳብ ስህተት የሠራ ደግሞ መልሶ ይቀጥል። ሰር ቶማስ ሌግ የተባሉ መርማሪ የሁሉንም ሒሳብ አገላብጠው አባላቱ ከ1 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ እንዲመልሱ አድርገዋል፤ ያ ሁሉ ሰው ይልቀቅ ማለት ምክር ቤቱን መዝጋት ነው። እኔ የምናገረው በሁለቱ መካከል ስላለው ነው፤ እስር ቤት ስለማያስገባው፣ ግን ስህተትም ስላልሆነው።

እዚያ መካከል ያለውን ሰው በምን እንለየዋለን? እኔ ከገንዘቡ መጠን ይልቅ ሲጠየቅ ያደረገውን ነው የማየው። የባህል ሚኒስትሯ ማሪያ ሚለር በቤት ዕዳ አበል ተመርምረው ውጤቱ በ2014 ወጣ። የሥነ ምግባር መርማሪዋ ወደ 45,000 ፓውንድ ይመልሱ ብላ ነበር፤ የምክር ቤት አባላት የሚበዙበት ኮሚቴ ወደ 5,800 አወረደላቸው። ያ ብቻ ቢሆን ምናልባት ያልፉ ነበር። ነገር ግን ምርመራው ላይ ለእያንዳንዱ ጥያቄ የጠበቃ መልስ እየሰጡ መርማሪዋን ሲያጉላሉ መክረማቸው ተጻፈ። ከዚያም ምክር ቤት ቆመው ይቅርታ ጠየቁ። ይቅርታው 32 ሰከንድ ፈጀ። ከአንገት በላይ ነው ተባለ። ሳምንት ሳይሞላ ለቀቁ።

ቀድሞ መልቀቅ በር ይከፍታል፤ ተጣብቆ መቆየት ግን ይዘጋል። ዴቪድ ሎውስ በ2010 በአዲሱ መንግሥት የግምጃ ቤት ሚኒስትር ሆነው የቆዩት 17 ቀን ብቻ ነው። አብረዋቸው ለሚኖሩት የሕይወት አጋራቸው ኪራይ እየከፈሉ ከ40,000 ፓውንድ በላይ አበል ወስደው ነበር፤ ደንቡ ይህን ይከለክላል። የግል ሕይወታቸውን ለመሰወር ያደረጉት እንጂ ለትርፍ እንዳልነበረ በኋላ ታመነላቸው፤ ሁሉን በግልጽ ቢያስመዘግቡ ኖሮ የበለጠ ሊጠይቁ ይችሉ ነበር። ያም ሆኖ ነገሩ በወጣ ማግስት መልቀቂያቸውን አስገቡ። የአገሩን በጀት ሊቆርጡ የተሾሙ ሰው ነበሩና በዚያ ወንበር ላይ መቀጠል አይችሉም ነበር። በ2012 ወደ መንግሥት ተመለሱ፤ ይህ ነው የሚባል ቁጣም አልተነሣም።

የስዊድኗ ሞና ሳሊን ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይረዝማል። በ1995 ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ፤ ቀጣዩ ጠቅላይ ሚኒስትር እሳቸው ናቸው ተብሎ ይጠበቃል። በመንግሥት ካርድ የግል ዕቃ መግዛታቸው ወጣ፤ ከዕቃዎቹ አንዱ ቶብለሮን ቸኮሌት ነበርና ጉዳዩ እስከ ዛሬ በዚያ ቸኮሌት ስም ይጠራል። ስዊድን የመንግሥትን ሰነድ ለዜጋ ክፍት ያደረገችው በ1766 ነው፤ እዚያ ደረሰኝ መደበቅ ለሹም ከብዙ አገር ይከብዳል። ሳሊን ከዕጩነት ራሳቸውን አገለሉ፤ ከመንግሥትም ወጡ። በ1998 ሚኒስትር ሆነው ተመለሱ፤ በ2007 የፓርቲያቸው የመጀመሪያዋ ሴት መሪ ሆኑ። እውነቱን ለመናገር በ2016 ለቀድሞ ጠባቂያቸው የተሳሳተ የደመወዝ ማስረጃ ጽፈው እንደገና ከሥራ ለቀዋል። መልቀቅ ሰውን ያነጻል የሚል እምነት ስለሌለኝ ነው ይህንንም የምነግራችሁ። ሕዝቡ ግን እንደገና ለማመን ወይም ላለማመን ዕድል ያገኛል፤ ከዚያ በላይ የምጠይቀው የለኝም።

አሁን ወደማመነታበት ልምጣ። የዳክዬ መጠለያው ባለቤት የጠየቁት ገንዘብ ጭራሹን አልተከፈለም ነበር። ሒሳብ ክፍሉ ውድቅ አድርጎታል። ስማቸው ግን ከዚያች ጎጆ ጋር ተቆራኝቶ ቀረ፤ በቀጣዩ ምርጫም አልተወዳደሩም። ይህ ፍትሕ ነው ለማለት ይከብደኛል። የጋዜጣ ሳቅ ዳኛ ሲሆን ሥዕሉ የሚያምር ጥፋት ከከባዱ ጥፋት ይልቅ ይቀጣል። ብሌርስም ቼካቸውን ያሳዩ ጊዜ አገሩ ሁሉ ሰደባቸው፤ በ2010 ምርጫ ግን የሳልፎርድ መራጮች መልሰው መረጧቸው። ለንደን ያለ ጋዜጠኛ ከሳልፎርድ ሰው የበለጠ ያውቃል ወይ? መራጩ ሁሉን ሰምቶ፣ አመዛዝኖ «ይሁን» ካለ፣ እኔ ከዚህ መድረክ ላይ ሆኜ ይልቀቁ ማለቴ ምን ሥልጣን አለው? ይህ ጥያቄ ለረጅም ጊዜ አስቸግሮኛል።

መልስ የሚሆን ነገር ያየሁት ከዚያ ቅሌት በኋላ በወጣ አንድ ሕግ ላይ ነው። የሒሳቡ ቁጥጥር ከአባላቱ እጅ ወጥቶ ለነጻ መሥሪያ ቤት ተሰጠ፤ ከ2010 ጀምሮ የእያንዳንዱ አባል ወጪ ለሕዝብ ይወጣል። በ2015 ደግሞ መራጮች እንደራሴያቸውን መልሰው የሚጠሩበት ሕግ ታወጀ። በሐሰተኛ የወጪ ሰነድ የተፈረደበት አባል አለ እንበል። በምርጫ ክልሉ ለስድስት ሳምንት የፊርማ መዝገብ ይከፈታል፤ ከመራጩ 10 በመቶ ከፈረመ ወንበሩ ባዶ ይሆናል፤ ምርጫም ይደረጋል። ሰውየውም መወዳደር ይችላል። የእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 ሕዝቡ እምነት ያጣበትን ተወካይ መልሶ ሊያነሣው ይችላል ይላል፤ ዝርዝሩን ለሕግ ትቶ። ስለዚህ ሐሳቡ ለኛ ባዕድ አይደለም።

ይህ የእንግሊዝ ሕግ በዌልስ ገጠር፣ ብሬከንና ራድነርሸር በሚባል ቦታ ሲሠራ ታየ። ክሪስቶፈር ዴቪስ የተባሉት አባል ለቢሯቸው ግድግዳ ዘጠኝ የመልክዓ ምድር ፎቶግራፎች ገዙ፤ ዋጋው 700 ፓውንድ። መብታቸው ነበር፤ በትክክል ቢጠይቁ ይከፈላቸዋል። ነገር ግን አንዱ የበጀት ርዕስ ስላልበቃቸው ሁለት ደረሰኝ ራሳቸው ሠሩ፤ አንዱ 450፣ አንዱ 250፣ ከሁለት በጀት እንዲወጣላቸው። ከዚያ ሾፌር «1» የማይለይ ነገር ነው። በ2019 ጥፋታቸውን አምነው 1,500 ፓውንድ ተቀጡ፣ የ50 ሰዓት ያልተከፈለ የማኅበረሰብ ሥራም ታዘዘባቸው። አልለቀቁም። መዝገቡ ተከፈተ። የሚያስፈልገው 5,303 ፊርማ ነበር፤ 10,005 ሰው ሄዶ ፈረመ።

ፓርቲያቸው እንደገና አቀረባቸው፤ እሳቸውም በየመንደሩ ዞረው ስህተት ሠርቻለሁ አሉ። ኦገስት 1 ቀን 2019 ምርጫው ተደረገ። በ1,425 ድምፅ ተሸነፉ፤ የመንግሥቱም አብላጫ ድምፅ በዚያች አንዲት ወንበር ምክንያት ወደ አንድ ወረደ። ያን ቀን በዚያ የበግ አርቢዎች አገር ድምፅ የሰጠው ሰው ያን ሁሉ ፎቶግራፍ፣ ያን ሁሉ ደረሰኝ፣ የሰውየውን ይቅርታም ጭምር ያውቅ ነበር። ዴቪስ በገዛ እጃቸው ቢለቁ እመርጥ ነበር። ባይለቁም ግን የሚጠይቃቸው አላጡም።